ቅርፊቱ ሳይረግፍ

ሐሙስ፣ የካቲት ፱ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ሰብለ ወንጌል፤

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀድጄዋለሁ። የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ከየት እንደምይዘው ግን አላውቅም። ስለዚህ ሰላምታው ይቅደምና እጄ ብዕሩን ከለመደ በኋላ ምናልባት ሌላውም ይወጣልኝ ይሆናል።

እታለም፣ እንዴት ነሽልኝ? የጅማው አየር ተስማማሽ ወይ? ባለፈው የጻፍሽልኝ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? ባለቤትሽ ጋሼ ስማቸው እንዴት ነው? ሥራውስ በረታለት? ፋንታ ቆሞ ሄደ? ጥርሱስ ስንት ሆነ? አይቼው ስለማላውቅ በሐሳቤ አንዳንድ ቀን አንቺን አስመስለዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ነፍሱን ይማረውና አባታችንን። እኛ በአካል ደኅና ነን። እማዬም፣ ታናሻችን ሙሉዬም፣ እኔም ታመን አልተኛንም። ደኅና ነን የምልሽ ግን እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው።

የላክሽው ደብዳቤ ከሞጣ ስመለስ ደርሶ ጠበቀኝ። «እዚህ ፈንጣጣ ገብቷል እያሉ ያወራሉ፤ ፋንታ ገና አልተከተበም፤ ከእማሆይ ቀንድ ጥቂት በብልቃጥ አድርገሽ ለሚመጣ ሰው ስጪልኝ» ብለሽኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ አይደለም። ደብዳቤሽን በየቀኑ እያወጣሁ አነበዋለሁ። እባክሽ እታለም፣ ከዚህ ምንም እንዲላክልሽ አትጠብቂ። ይህን ቃል እንዳነበብሽ ወረቀቱን አስቀምጪና ልጁን አዝለሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ የመንግሥቱን ክትባት አስከትቢው። ቀሪውን ተመልሰሽ ታነቢዋለሽ።

እማሆይ ወለተ ሐና ለእኔና ለአንቺ የእናታችን ታላቅ እህት ናቸው፤ ለቢቸና ዙሪያ ሰው ግን ከታቢው ናቸው። በግራ እጅሽ አንጓ ላይ ያለው ጠባሳ የእርሳቸው እጅ ነው፤ በእኔም ላይ አለ። ቀላል ፈንጣጣ ከወጣበት ልጅ መግሉን ወስደው፣ በማር ለውሰው፣ በቀንድ ውስጥ አኑረው፣ በምላጭ ጫር አድርገው ይቀቡታል። የተከተበው ልጅ ይታመማል፣ ጥቂት ይወጣበታል፣ ከዚያ እድሜ ልኩን ፈንጣጣ አይነካውም። አንቺና እኔ ስንከተብ የጓሮው ጎጆ ውስጥ እንደዘጉን ታስታውሻለሽ። ደጁ ላይ እሾህ ደፍተው፣ ከእሾሁ ወዲህ ቁርበት አንጥፈው እዚያው ነበር የሚተኙት። እማዬ እንኳ እንድትገባ አልፈቀዱም፤ ምግባችንን ከእሾሁ ማዶ አስቀምጣ ትሄድ ነበር። ቅርፊታችን ረግፎ እስኪያልቅ እንደዚያ ቆየን። ያኔ ክፋት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ነው የገባኝ።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የእማሆይ ዓይን ደክሟል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ምላጩን የምይዘው እኔ ነኝ። እርሳቸው ልጁን አቅፈው «እዚህ ጋ፤ ቀስ በይ፤ ደም እንዳይበዛ» ይሉኛል፣ እኔ እጭራለሁ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ሰው የሚፈልገኝ ለዚህ ብቻ ስለሆነ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

በገና ማግሥት ሞጣ ያለችው የአባታችን እህት አምሳለች «በአቅራቢያችን ፈንጣጣ ታየ ይባላል፤ ልጆቼን ድረሱልኝ» ብላ ላከች። እማሆይ በቅሎ ላይ መቀመጥ አልቻሉም። ቀንዱን በጨርቅ ጠቅልለው አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝና «አንቺ እጅሽ ቀላል ነው፣ አፍሽም ቁጥብ ነው፤ ሂጂ» አሉኝ። አፌ ቁጥብ መሆኑ ያኔ ሙያ ሆኖ ተቆጠረልኝ። ያዘዙኝ ሦስት ነገር ነው። ትንሽ እንድጭር፣ ደጁን በእሾህ እንድዘጋ፣ ቅርፊቱ ሳይረግፍ ከደጁ እንዳልነቃነቅ። «የቤቱ ባለቤት ብትለምንሽም፣ ቄስ ቢመጣም አትክፈቺ» አሉኝ።

ከነጋዴዎች ጋር በእግር ሄድኩ፤ በሦስተኛው ቀን ደረስኩ። የአምሳለችን አራት ልጆች ከተብኩ። አስገባኋቸው፣ እሾሁን ደፋሁ፣ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። በሰባተኛው ቀን አተኮሳቸው። በዘጠነኛው ወጣባቸው። እማሆይ እንዳሉት ቀላል ነበር፤ ከሁሉ ብዙ የወጣባት ትንሿ አመተ ሥላሴ ናት፣ እሷም በፊቷና በክንዷ ላይ ብቻ። በሥራዬ ኮራሁ፤ ኃጢአቴ ከዚያ ይጀምር እንደሆነ እንጃ።

የጥምቀት ማግሥት በዚያው ግቢ የአምሳለች ባል ወንድም ሠርግ ሆነ። ዳሱ ከእኔ ጎጆ ፊት ለፊት ተጣለ። እታለም፣ እኔን ታውቂኛለሽ፤ ሁለት እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባ ሰው ነኝ። ሠርገኛው ሁሉ አየኝ። አንዷ ሴትዮ «ይቺ የቢቸና ልጅ ምን ሆና ነው ደጅ ላይ የተኮራመተችው?» ስትል ሌላዋ «ተያት፣ መነኩሲት ናት ያሳደገቻት» አለቻት። አንዱ ሚዜ ደግሞ «እሾሁን የደፋችው እኮ እኛ እንዳንሰርቃት ብላ ነው! አይዞሽ እህቴ፣ የሚሰርቅሽ የለም» ብሎ ዳሱን በሳቅ ሞላው። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ አምሳለች መጣች። ልጆቹ የከበሮውን ድምፅ ሰምተው ከውስጥ ያለቅሱ ነበር። «ትኩሳታቸው በርዷል እኮ ይርጋነሽ። የአጎታቸው ሠርግ በእሾህ ታጥሮ ሊያልፋቸው ነው? ደግሞስ ሰው ምን ይለኛል? ልጆቿን ደበቀች ይለኛል» አለችና እሾሁን በዱላ ገፍታ ከፈተችው። መልስ ለመስጠት አፌን ከፈትኩ። «አይሆንም፣ ቅርፊቱ አልረገፈም» ልል ነበር። ሰው ሁሉ ያየኛል። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ልጆቹ እየሮጡ ወጡ፤ ከሰው ጉልበት ወደ ሰው ጉልበት ዞሩ። ሠርገኛው ከሦስት ቀበሌ የመጣ ነው።

ሙሽራዋ በዛብሽ ትባላለች። በዕድሜ እኩያዬ ናት። በማግሥቱ ከጫጉላው ሆና በእጇ ጠራችኝ። «አንቺም ሰው ትፈሪያለሽ አይደል? ትናንት አየሁሽ። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ ከዚህ ተቀመጪ፣ አብረን እንፍራ» ብላ ሳቀች። ከሠርገኛው ሁሉ ስሜን ጠይቃ በስሜ የጠራችኝ እሷ ብቻ ናት። አንገቴ ላይ ያለውን ቀንድ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ወደ እኛ መንደር እንዲህ ያለ ከታቢ መጥቶ አያውቅም» አለች። ይህን ስትለኝ አመተ ሥላሴ መጥታ ጭኗ ላይ ወጣች። የልጅቷ ክንድ ገና እርጥብ ነበር፣ መግሉ ፈስሷል። በዛብሽ በአዲሱ ነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላትና ጉንጯን ሳመቻት።

አየሁ እታለም። አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። «ልጅቷን አትንኪያት» ማለት ሁለት ቃል ነው። ያላልኩት ስላላወቅሁ አይደለም። እንዲያ ብላት የእኔንም እጅ የምትጸየፈው መሰለኝ። ከሰው መካከል ደስ ብሏት አጠገቧ ያስቀመጠችኝ እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ያን ማጣት አልፈለግሁም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ነጋዴዎቹ ሲመለሱ አብሬ ተነሳሁ። ለአምሳለች እማዬ ትፈልገኛለች አልኳት። ከመነሳቴ በፊት ከትልቁ ልጅ እጅ ላይ፣ ምላጩ ካረፈበት ቦታ፣ ቀድሞ የደረቀውን ቅርፊት ለቅሜ በቀንዱ ጨመርኩ። ቢቸና ስደርስ እማሆይ በዳበሳ ቅርፊቱን አገኙት። «ረገፈ? ሁሉም?» አሉኝ። «ሁሉም ረግፏል» አልኩ። ግንባሬን ስመው መረቁኝ። እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ በቃሬዛም ቢሆን ተጭነው ሄደው ያን ደጅ ይዘጉት ነበር፤ ይህን ልቤ ያውቀዋል። ጊዜውም ገና አላለፈም ነበር።

ከእኔ መመለስ በኋላ የፈንጣጣ ማጥፊያ ሠራተኞች በላንድሮቨር ቢቸና ገቡ። ከእነሱ ጋር የሚዞረው ይርሳው የሚባል የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው፤ ወጣት ነው፣ ብዙ ይናገራል፣ ጫማው ሁልጊዜ አቧራ ነው። ባለ ሁለት ጥርስ መርፌ ይዟል። ክንድ ላይ ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፤ ያን ያህል አያምም። ሙሉዬን ሲከትባት ሳቀች እንጂ አላለቀሰችም። የታመመ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ በየቤቱ እያሳየ «ይህን የመሰለ ሕመምተኛ የት አያችሁ?» ይላል። ለእኔም አሳየኝ። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ልጅ አመተ ሥላሴን መሰለኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ፤ የትም አላየሁም ማለቴ ነው።

የካቲት እንደ ገባ ሞጣ ሄዶ ነበር። ማክሰኞ ተመልሶ በቀጥታ ወደ እማሆይ ቤት መጣ። እኔ ውሃ እቀዳለሁ እያልኩ ከእንስራው አጠገብ ቆሜ ሰማሁ። በአምሳለች ሠፈር ዘጠኝ ሰው ተኝቷል አለ። አንዲት አሮጊትና አንድ አራስ ልጅ ሞተዋል። ከየት እንደመጣባቸው ግን ማንም አልነገረውም። ቀንዱን እንዲሰጡት እማሆይን ለመናቸው። እርሳቸው ተቆጡ። «አንተ ሳትወለድ አገር ከትቤያለሁ ልጄ። ያንተ መርፌ ሰው አያስተኛም፣ ትኩሳት አያመጣም። ያላመመ ነገር ምኑን ያድናል?» አሉት። ይርሳው አልተቆጣም። «እማሆይ፣ የእርስዎ መድኃኒት የተከተበውን ያድናል፤ እውነት ነው። ግን ከእሱ የያዘው ጎረቤት ይሞታል» አላቸው። እማሆይ «ደጁ ከተዘጋ ጎረቤት ምን አግኝቶት ይይዘዋል? ሃምሳ ዓመት ዘግቼ ማን ሞተብኝ?» አሉ። እሱም «ደጁ አንድ ቀን ቢከፈትስ?» አለ። እማሆይ ወደ እንስራው ዞረው «የእኔ ልጅ ከደጅ አትነቃነቅም» አሉ። ይርሳው ባለፈው ወር ከእናንተ መካከል ሞጣ የሄደ ሰው አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አጠገባቸው የነበረችው እማዬ ቀድማ «ማንም የለም» አለችው። እኔም ቀና አላልኩም።

እሱ ከወጣ ጀምሮ እማሆይ እህል አይቀምሱም፤ ጾም ነው ይበሉ እንጂ ጾም ብቻ አይደለም። «ቅርፊቱ ረግፎ ነበር አይደል ይርጋነሽ?» ይሉኛል። «አዎ» እላለሁ። ጥቂት ይቆዩና መልሰው ይጠይቁኛል። ትናንት ከሉማሜ አንዲት ሴት ልጇን ልታስከትብ መጥታ ነበር። «እጄ ተበላሽቷል። በእኔ ኃጢአት እግዚአብሔር ጸጋዬን ነሥቶኛል። ሂጂ፣ ሌላ ፈልጊ» ብለው መለሷት። ሴትዮዋ ስታለቅስ እርሳቸውም ዓይናቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ይህን ያህል ዘመን የሠሩበትን እጃቸውን በዳበሳ ያገላብጡታል።

አሁን ከሁሉ የባሰውን ልንገርሽ። እሑድ ከሞጣ የመጣች የጨው ነጋዴ ለእማዬ በጆሮዋ ነገረቻት፤ እኔም ሰማሁ። በዛብሽ ለመልስ ወደ አባቷ ቤት ሄዳ ነበር። መንደሯ ከሞጣ ወዲያ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። እዚያ እንደ ደረሰች አተኮሳት። በስምንተኛው ቀን ሞተች። ነጋዴዋ እንዳለችው መልኳ አይለይም ነበር፤ ያን አዲስ ነጠላ አልብሰው ቀበሯት። ሁለት ታናናሽ እህቶቿ ተኝተዋል። ለቀስተኛው ቤቱን ሞልቶታል። የመንደሩ ሰው ግን ምች ነው ብሎ ተማምሏል፤ መኪናው ከመጣ ልጆቹን ጭኖ ይወስዳል ብለው ፈርተዋል። ይርሳው ስለዚያ መንደር አልሰማም። በአምሳለች ሠፈር ያለውን ሁሉ ከትቤያለሁ፣ ነገ ጠዋት ሄጄ የተኙትን አይና ወደ ደብረ ወርቅ አልፋለሁ እያለ ነው። እንደዚያ ከሆነ ገደል አፋፉ ላይ የሚደርስ ማንም የለም።

ለእማዬ እንንገረው አልኳት። «እማሆይን አስረው ሊወስዱብን? የአንቺስ ስም? ገዳይ ናት የተባለች ልጅ ማን ያገባታል? አፍሽን ያዢ» አለችኝ። አልፈርድባትም። እስከ ዛሬ አፌን ያልያዝኩበት ቀን የለም። ይርሳው ማንንም አላስርም ብሏል፤ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም።

የሚገርምሽ፣ የከተብኳቸው አራቱም ልጆች ድነዋል። አመተ ሥላሴ እየተጫወተች ነው አሉ። ይህን ሲነግሩኝ ደስ ሊለኝ ሲል በዛብሽ ፊቴ ትመጣለች። ልከትባት እችል ነበር እኮ፤ ቀንዱ አንገቴ ላይ ነበር። ወይም ሁለቱን ቃል ልናገር እችል ነበር። የቱ እንደሚሻል ሳስብ ሰንብቻለሁ፤ ለሟች ምን ያደርግላታል።

በእኔ አትፈሪ፣ በእኔም አትዘኚ አልልሽም። እዘኚብኝ። ግን ይህን ደብዳቤ ጥለሽ ሳትጽፊልኝ እንዳትቀሪ።

ጋሼ ስማቸውን ሰላም በይልኝ፤ ይህን ብታነቢለትም አልከፋም። ፋንታን የተከተበበትን ክንዱን ሳትነኪ በሌላው በኩል ሳሚልኝ። ስትወልጂ ያረሰችሽን ጎረቤትሽን ፈንታነሽንም ባላውቃት እግዜር ይስጥልኝ በያት። እማዬ ስትጋግርም ስትፈትልም ስምሽን እንደጠራች ናት፤ ሰላም ትልሻለች። ሙሉዬ ክንዷ ላይ ያለውን ቁስል ለሰው ሁሉ እያሳየች ትዞራለች፣ ይህንንም ጻፊላት ብላኛለች። እማሆይ መጻፌን አያውቁም፤ ቢያውቁ ኖሮ እንደ ሁልጊዜው ምርቃታቸውን ያስጽፉኝ ነበር።

ነገ ዓርብ ነው። መኪናው ሳይነሳ ጤና ጣቢያው ደጅ እደርሳለሁ። ይርሳው ፊት ቆሜ መናገር እንደማልችል ስለማውቅ፣ ልጆቹ የወጡበትን ቀን፣ ሠርገኞቹ የመጡባቸውን ሦስት ቀበሌዎች፣ የበዛብሽን አባት ስምና ወደ መንደሩ የሚወስደውን መንገድ በሌላ ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ። እሰጠዋለሁ፤ አንብቦ እስኪጨርስም አልሸሽም። ከዚያ አስቀድሜ ግን እማሆይ ቤት እገባለሁ። እርሳቸው ፊደል አይለዩም። ለእርሳቸው በአፌ ነው የምነግራቸው።

እህትሽ ይርጋነሽ

ቢቸና